ዮሴፍና ዩሱፍ፤ የአንድ ስም ሁለት ድምፅ

ስም ለሰው መጠሪያ ብቻ አይደለም፤ የወላጁም ጸሎት ነው። ዛሬ የዮሴፍን ስም መነሻና ትርጓሜ ለመጻፍ ያነሣሣን በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ የደረሰ የራሳችን ስሕተት ነው።

ከከሚሴ አካባቢ የመጡ አንዲት እናት፥ የሟች ልጃቸውን የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ችሎት ቀረቡ። የልጁ መታወቂያ ዩሱፍ ይላል፤ ቀድሞ የቤት ቦታ የተፈረደለት የውሳኔ ግልባጭ ግን ዮሴፍ ይላል። የጻፍነው እኛ ነን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከልጅነታችን የለመድነው አጻጻፍ ትክክለኛው መስሎን፥ ባለቤቱን ሳንጠይቅ አቀናነው። እናቲቱም ወረቀቱ ሲነበብላቸው፥ «ልጄ፥ እኔ የወለድሁት ዩሱፍን ነው፤ ይህ ዮሴፍ የምትሉት የማን ልጅ ነው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በምስክር እስኪረጋገጥ ድረስ ቀጠሮ ተሰጠ፤ ኀዘንተኛዪቱም በእኛ ምክንያት ደጋግመው ተመላለሱ።

ስሙ በመሠረቱ የዕብራውያን ነው፤ ትርጓሜውም «ይጨምር» ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 እንደሚነገረው፥ ራሔል ብዙ ዘመን መካን ሆና ከኖረች በኋላ ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ፥ እግዚአብሔር ሌላ ልጅ እንዲጨምርላት ለምና ይህን ስም አወጣችለት። ጸሎቷም ተሰማ፤ ነገር ግን በምዕራፍ 35 እንደ ተጻፈው ሁለተኛውን ልጅ ብንያምን ስትወልድ ሞተች። ስለዚህ ይህ ስም ደስታና ኀዘን የተያያዙበት የእናት ቃል ነው። በኦሮሞ ዘንድ ደበላ የሚባለውም ስም መጨመር ከሚለው ቃል የወጣ ስለ ሆነ፥ በአሳብ የዮሴፍ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ዐረቦች ይህንኑ ስም ዩሱፍ ይሉታል። የቁርኣን 12ኛው ምዕራፍ በዚህ ነቢይ ስም ተጠርቶ፥ በ111 አንቀጾች ታሪኩን ይተርካል። በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ብዙው ሕዝብ የእስልምና ተከታይ ስለ ሆነ፥ ስሙ በብዛት የሚሰማው በዚህ ድምፅ ነው፤ በቁቤ ሲጻፍም ፊተኛው ድምፅ ረዝሞ እንዲነበብ አናባቢው ይደገማል። እንግዲህ ዮሴፍና ዩሱፍ ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ጅረቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ስሕተት አይደለም።

ስም በሹም እጅ መለወጥ ግን ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በዚያው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ፈርዖን ለዮሴፍ ጸፍናት ፐዕናህ የሚል የግብፅ ስም ሰጠው። የክብር ስም ነበረ፤ ነገር ግን ወንድሞቹ በራብ ተነድተው በፊቱ በቆሙ ጊዜ፥ ራሱን የገለጠላቸው በቀድሞው ስሙ ነው። በእኛም ዘመን፥ በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በመዝገብ ላይ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ኋላ ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ይገባዋልና፥ የልጃችሁን ስም ፊደል በፊደል አስጽፉ፤ ከመፈረማችሁም በፊት አስነብባችሁ ስሙ። የክትባት ካርዱ፥ የትምህርት ቤቱ መዝገብና መታወቂያው በአንድ አጻጻፍ ይሁኑ። በሁለት ቋንቋ የሚጻፍ ከሆነም ሁለቱን አስተያዩ። ዛሬ ትንሽ የሚመስል ፊደል ነገ በሐዘን ቀን ርስት ያስከለክላል።

እኛ ጸሐፊዎችም እንጠይቅ እንጂ አናቅና። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለጉዳይ በፊታችን ሲቆም፥ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት፥ «እናትዎ ማን ብለው ነው የሚጠሩዎት?» ብለን እንጠይቃለን።