ስፍር የሌለው ሙያ

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች «ሙያ በልብ ነው» ከሚለው ብሂል ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ጠቡን የቀሰቀሰው ጊምቢ በምትኖር አንዲት ዘመዴ ጓዳ ያየሁት የዱቄት ፓኬት ነው። ሐኪሞች ሴት ልጇን ከስንዴና ከገብስ እንድትታቀብ ስላዘዟት፣ በባሕር ማዶ ያለው ወንድሟ «ግሉተን የሌለው» የሚል ጽሑፍ የታተመበትን ይህን ፓኬት በብዙ ወጪ ልኮላታል፤ በጀርባው የተጻፈውን ሳነብ የሩዝ ዱቄትና የበቆሎ ስታርች ሆኖ አገኘሁት። የወንድምን ፍቅር አላቃልልም፤ ነገር ግን ጤፍና አንጮቴ በሚበቅልበት በወለጋ ምድር አንዲት ብላቴና ከቤተ ሰቧ ማዕድ ተለይታ የሩቅ አገር ፓኬት ስትጠብቅ ማየት አንጀቴን አሳረረው።

እናቲቱ መላ ፍለጋ የሄደችው ከሟች እናቷ ወደ ወረሰችው ደብተር ነው። ከድሮ ጋዜጦችና መጽሔቶች በመቀስ እየተቆረጡ የተለጠፉ የምግብ አሠራሮች የሞሉበት፣ ጠርዙ በቅቤ የወዛ፣ በክብር የተጠበቀ ደብተር ነው። ኬኩም፣ ብስኩቱም፣ ፓስታ በፎርኖውም ሁሉ በስንዴ ዱቄት ይጀምራል፤ ሁሉም ግን ልኩ ተነግሯል፤ ዱቄቱ በስኒ፣ ቅቤው በሾርባ ማንኪያ፣ እሳቱ በደቂቃ። ያች ሴት በዘመኗ በነቀምቴ ወይዛዝርት ዘንድ የተመሰገነች ባለሙያ ነበረች፤ የተመሰገነችባቸው ጩምቦና አንጮቴ ግን በዚያ ደብተር ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኙም። ጋዜጦቹ አልጻፏቸውም፤ እርሷም በልቧ ያለውን በወረቀት ማኖር አላስፈለጋትም።

ስለዚህ የልጂቱን አያት፣ የአባቷን እናት፣ ለጩምቦ ምጣድ እንዲጥዱ ለመንናቸው። ብላቴናይቱ እርሳስና ወረቀት ይዛ «አኮ፣ ዱቄቱ ስንት ስኒ ነው?» ብትላቸው፣ «እጅሽ ይነግርሻል፣ ልጄ» አሏት። እኔም ከሌማቱ የዘገኑትን ዱቄት ወደ ገበታው ሳይደርስ እየተቀበልሁ በቡና ስኒ ሰፈርሁት። ስድስት ስኒ የጤፍ ዱቄት፣ አራት ስኒ ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የቡና ማንኪያ ጨው ሆነ። ሊጡ ጠንከር ብሎ ከታሸ በኋላ ወፍራም ቂጣ ሆኖ በዝግታ እሳት ሁለቱም ፊት በሰለ፤ ትኩስ እንዳለም አንድ ስኒ ተኩል ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ጠጥቶ አይብ ተደረገበት። ከስንዴ ወገን አንዳች ነገር የለበትም። ልጂቱ ከወንድሞቿ ጋር ከአንድ ገበታ በላች።

አንጮቴውም እንዲሁ ነው፤ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦና ደቅቆ በቅቤና በአይብ ተለውሶ ለመስቀል በዓል የሚቀርበው ይህ ሥር ስንዴን ከቶ አያውቀውም። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ፤ ወፍጮ ቤት ስንዴ ከተፈጨበት ድንጋይ ላይ የወጣ ጤፍ ለእንደዚህ ያለ በሽተኛ ንጹሕ አይደለም፤ የሊጥ እርሾም ስንዴ ወይም ገብስ ከነካው ቤት መምጣት የለበትም።

ስንዴ በእንዲህ ያለ በሽተኛ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የመረመረው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ አገሩ ዳቦ ባጣበት ክረምት ሕሙማኑ ሲሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስም ሕመሙ ሲመለስባቸው ባየው ነገር አስቀድሞ የጠረጠረው ጸንቶለት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በጽሑፍ አቀረበው። በዚያው አገር አንድ ኩባንያ ደግሞ የጤፍ ዱቄትን አሰናድቶ መጠቀምን እንደ ራሱ ፈጠራ አስመዝግቦ ነበር፤ መብቱን የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሽረው ድረስ በእጁ የነበረው ወረቀት ነው። የእኛ እናቶች ግን ስለ ጤፍ የሚያውቁትን ያህል ማን ያውቃል? ወረቀት ብቻ አልነበራቸውም።

ልክ የተሰፈረለት ምግብ ጣዕም ያጣል የሚሉኝ አሉ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ለቅዱስ ያሬድ ዜማ ምልክት ቢሠሩለት ዜማው ጣዕሙን አጣ? ለዛሬ ደብተራ ያደረሰው ምልክቱ ነው እንጂ። በወለጋማ ልክ ጣዕም ያሳጣል የሚሉትን የምታሳፍር ሴት ነበረችን። ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በአፍ ብቻ ሲነገር የኖረውን የኦሮሞን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ለቅማ ጽፋ፣ ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ ታተመ፤ በኋላም ነቀምቴ መጥታ አስተምራለች። ተረቱን ያዳነ ብዕር ለጩምቦው ሳይደርስ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነኝ። ተረት የሚጻፍ ጥበብ ሆኖ ሳለ ሕፃንን ከሕመም የሚጠብቅ ገበታ የሴቶች ጓዳ ወሬ ተብሎ የሚናቀው በምን ፍርድ ነው?

ስለዚህ በነቀምቴ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡና በደምቢዶሎ ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ አኮአችሁ እጃቸው ሳይዝል ስኒ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ የሚዘግኑትን ስፈሩ፣ ጻፉ፤ ስማቸውንም ከላዩ አኑሩ። የጻፋችሁትን ብትልኩልኝ በዚህ ዓምድ አወጣዋለሁ፤ ቆርጦ የሚለጥፈው አይጠፋም።