ለኤአይ ኮደር ስንት መሣሪያ ይበቃዋል?

የአምባሰል ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፤ መሰንቆውም ባለ አንድ አውታር። ዘፈኑን ግን ጎደለ ያለው የለም።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የፕሪንስተን ተመራማሪዎች ለኮድ ጸሐፊው "ኤስደብሊውኢ-ኤጀንት" ልዩ ልዩ መሣሪያ ሠርተውለት ነበር። በዓመቱ ያወጡት "ሚኒ" ግን 100 መስመር ያህል ፓይተን ነው፤ መሣሪያውም ባሽ ብቻ። ሞዴሎቹ ስለጎለበቱ ያ ሁሉ ጓዝ አላስፈለገም።

የእያንዳንዱ መሣሪያ መግለጫ በየጥያቄው አብሮ ለሞዴሉ ይላካል፤ ሒሳቡም በዶላር ነው። ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ወጣት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

እርግጥ ባሽ ሁሉን ይሠራል፤ ሁሉንም ያጠፋል። ስለዚህ የማይቀነሰው ፈቃድ መጠየቂያው ነው። ሌላው ሥራው ሲጠይቅ ይጨመር።