ሳይቃጠል በቅጠል

አንባቢያን ሆይ፤ በየቀኑ የምትሻገሩትን ድልድይ ቆም ብላችሁ ከሥሩ ተመልክታችሁት ታውቃላችሁን? አብዛኞቻችን አናውቅም። ድልድይ ከመንገዱ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚታየን፥ የምናስታውሰው ሲዘጋ ወይም ሲወድቅ ብቻ ነው። ዛሬ ስለ አንድ የወደቀ ድልድይ እናወጋለን። ነገሩ የሆነው በሩቅ አገር ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ከተማ ይበጃል።

ፒትስበርግ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ ወንዝና ሸለቆ ስለሚበዛባት «የድልድዮች ከተማ» ይሏታል። ጥር 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ ፈርን ሆሎ የተባለው 136 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይዋ ከነአውቶቡሱና ከነመኪናዎቹ ወደ ሸለቆው ወረደ። በዚያው ዕለት ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ መንገድና ስለ ድልድይ ሥራ ሊናገሩ ወደዚያችው ከተማ ይመጡ ነበር። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም፤ የቆሰሉ ግን ነበሩ።

ድልድዩን ምን ጣለው? ጎርፍ አይደለም፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አይደለም። የውሃ መውረጃው በቅጠልና በቆሻሻ ተደፍኖ ነበር። ድልድዩ የተሠራበት ብረት ቀለም የማይቀባ፥ ላዩ ላይ የሚወጣው ስስ ዝገት ራሱ እንደ ልብስ ሆኖ የሚጠብቀው ዓይነት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ብረቱ ከረጠበ በኋላ መድረቅ ሲችል ነው። ውሃና ቆሻሻ ሳይለቀው ሲከርም የድልድዩ እግር ተበላ፤ ሳሳ፤ በመጨረሻም ሸክሙን መቻል አቃተው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው፥ ይህን የሚያውቅ ሰው አለመጥፋቱ ነው። መርማሪዎች እየተመላለሱ አይተውታል። ከመውደቁ በፊት ለ10 ዓመት ያህል «ደካማ» ተብሎ ተመዝግቧል። መውረጃው ይጠረግ፥ የተበላው ይጠገን እያሉ ደጋግመው ጽፈዋል። ጽሑፉ ግን ከመዝገብ ወጥቶ ወደ አካፋና ወደ መጥረጊያ አልደረሰም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድም ምርመራውን በ2016 ዓ.ም. ሲጨርስ፥ የመውደቁ ምክንያት ከተማይቱ ይህን የተደጋገመ ምክር በሥራ ላይ አለማዋሏ ነው አለ። አዲሱን ድልድይ ለመሥራት 25 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣ።

እንግዲህ ብዙ ድልድይ ያላት ከተማ፥ ገንዘቧ ለሁሉ ባይበቃ ከየት ትጀምር? አንደኛ፥ ድልድዮቹን ሁሉ ቆጥሮ መመዝገብና መመርመር ነው። በአሜሪካ፥ ታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. ሲልቨር የተባለው ድልድይ ወድቆ 46 ሰዎች ካለቁ ወዲህ በወጣው ደንብ፥ ድልድዮች ባብዛኛው በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ሁለተኛ፥ ነጥቡን ብቻ አለማየት ነው፤ አውቶቡስና አምቡላንስ የሚያልፍበት፥ ቢዘጋ ሌላ መዞሪያ የሌለው ድልድይ ይቀድማል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው፥ ገንዘቡን ሁሉ ለታመመው ብቻ አለማፍሰስ ነው። የታመመውን ብቻ ስናስታምም ጤነኛው ተራውን ጠብቆ ይታመማል። ስለዚህ በየዓመቱ ከበጀቱ ከፍሎ፥ መውረጃ ለመጥረግ፥ ውሃ የሚያስገባውን መጋጠሚያ ለመድፈን፥ ጎርፍ የሸረሸረውን መሠረት ለመጠገን ማስቀመጥ ያሻል።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ በኩል በሚወርዱ ወንዞች የተከፋፈለች ከተማ ናት፤ ቀበናን፥ ግንፍሌን፥ ቁርጡሜን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ደለልና ቆሻሻ ተሸክመው ይመጣሉ። ቆሻሻው ከድልድይ ሥር ሲወተፍ ውሃው መውጫ ያጣና የግንቡን ሥር መፈልፈል ይጀምራል። በግንቦት መውረጃ መጥረግ በነሐሴ የፈረሰ ግንብ ከመሥራት ይረክሳል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? ቆሻሻ ወደ ወንዝ አንጣል። የተደፈነ መውረጃ ወይም የተሰነጠቀ ግንብ ስናይ ለሚመለከተው እናመልክት። ካመለከትንም በኋላ «ምን ተደረገ?» ብለን እንጠይቅ። ፒትስበርግ ያጣችው የሚናገር ሰው አልነበረም፤ የተነገረውን የሚሠራ እንጂ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠል እሳት እንደሚያጠፋ ሁሉ፥ በወቅቱ ካልተጠረገ ድልድይም እንደሚጥል ይኸው አየን።