ከአፈር የተበደርነውን ለአፈር እንመልስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

በጋራ ግቢያችን የብስባሽ ማዳበሪያ ጉድጓድ ይቆፈር ስንል «ይሸታል» ያላችሁ አላችሁ። ስጋታችሁ ይገባናል፤ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኃይል ከፀሐይ ይመጣል። ሣሩ ይይዘዋል፣ በጉ ሣሩን ይበላል፣ እኛ በጉን። በየደረጃው የሚያልፈው ከ100 እጅ 10 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ውሎ አድሮ ሙቀት ሆኖ ይበተናል፣ አይመለስም። ግድ የለም፣ ፀሐይ ነገም ትወጣለች።

የአፈሩ ምግብ ግን እንዲህ በየቀኑ ከላይ አይመጣም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከአፈር ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ሰው ይሄዳሉ፤ ካልመለስናቸው መሬቱ ይደኸያል። ታዲያ የድንቹን ልጣጭና የቡናውን አተላ በፌስታል ቋጥረን ስንጥል አፈራችንን መጣላችን እኮ ነው! የቆሻሻ ክምር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲሞት አይተናል።

ለሽታው መላ አለው፦ እርጥቡን በደረቅ ቅጠልና በአፈር ማልበስ፣ ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ፣ ሥጋና ቅባት አለመጨመር። ስለዚህ ጉድጓዱ ይቆፈር እንላለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ