ታላቅ መሆን የሚማሩት የት ነው?

ልጁ ይደባደባል፤ ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ ይዘህ ና» ብሎ ከግቢ ያስወጣዋል። አባቱን ይፈራል፣ እናቱ ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከቤት እየወጣ ጌም ቤት ይውላል። ሲጨንቀው ከሰፈር አንድ ጎረምሳ ይለምንና «አጎቱ ነኝ» ያስብላል። የውሸቱ አጎት ይፈርማል፣ ልጁ ክፍል ይገባል፣ ጉዳዩ ይዘጋል። ለምን እንደተደባደበ የጠየቀው የለም። የመታውን ልጅም ይቅርታ አልጠየቀም። ጥፋትን እንዴት እንደሚያድበሰብሱት ግን አሳምሮ ተምሯል።

ለወንዶች ልጆቻችን ያዘጋጀነው ሥርዓት በአብዛኛው ይኸው ነው። ሲያጠፉ እንቀጣለን፣ ካላጠፉ እንረሳቸዋለን። ለሴት ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ክበብ መቋቋሙ፣ የሚያዳምጣቸው መምህር መመደቡ ተገቢ ነው፤ ገናም ብዙ ይቀራል። ወንዱ ግን «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ቻለው!» ተብሎ ለብቻው ይተዋል። ብቻውን የተተወ የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ወንድነትን የሚማረው እንደ እሱ ብቻቸውን ከተተዉት ነው።

እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው። ወንድ ልጅን ሰው የሚያደርገው የምክር ብዛት አይደለም፤ በአደራ የተሰጠው፣ የሚጠየቅበት ታናሽ ነው።

ይህን የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ያውቁት ነበር። የቆሎ ተማሪ ከእናቱ ጓዳ ወጥቶ ሩቅ አገር ሲሄድ ዕድሜው ገና ለጋ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ግን ብቻውን አይደለም። መንደሩን የሚያሳየው፣ የትኛው ደጅ ተናካሽ ውሻ እንዳለ የሚነግረው፣ ሲታመም ድርሻውን ለምኖ የሚያመጣለት ቀደም ብሎ የመጣ ተማሪ አለ። ትምህርቱም እንዲሁ ነው። የኔታ ሁሉን ብቻቸውን አያስተምሩም። ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው ያስቆጥራል። ቅኔ ቤትም አስነጋሪ የሚባለው የገፋ ተማሪ የጀማሪዎቹን ጉባኤ ቃና እየሰማ ያርማል፤ እሱ ራሱ ወደ መወድስ የሚገፋው የታናሾቹን ስሕተት እያቃና ነው። የወሎ ደረሶችም በሼኾቻቸው ዙሪያ ተሰባስበው፣ ሕዝቡ በሚሰጣቸው ስንቅ እየኖሩ፣ የገፋው ጀማሪውን እያቀራ ተምረዋል።

በዚያ ኑሮ ረኃብ ነበረበት፣ አለንጋ ነበረበት፣ በአብዛኛውም ለሴት ልጅ በሩ ዝግ ነበር። እነዚህ እንዲመለሱ የሚመኝ የለም። ታላቅና ታናሽን ያስተሳሰረውን ገመድ ግን ከአለንጋው ጋር አብረን መጣል አልነበረብንም።

ዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ግዴታ ሆነ። አብዛኞቹም ወንዶች ነበሩ፤ የተመደቡትም በብዛት ለማስተማር ነው። ከአዲስ አበባ ካፌ ተነሥቶ አንዲት የገጠር ከተማ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ወጣት፣ አገሩን ከመጽሐፍ ባላገኘው መንገድ አወቀ። ሌሎች ዓይናቸውን ጥለውበታልና ራሱን መግዛት ነበረበት።

ዛሬ በዚህ ፋንታ ያለን የትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባርን እንደ ማንኛውም ትምህርት ለዓመታት አስተማርን፤ ልጆቹም ለፈተና ሸመደዱት። በመጨረሻም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከስርቆትና ከኩረጃ ለማዳን ተፈታኞቹን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ማጓጓዝ ግድ ሆነ። አጥር ኩረጃን ይከላከላል፤ ታማኝነትን ግን አያስተምርም። «አንድ ለአምስት» ብለን ተማሪዎችን ያደራጀንበትም ጊዜ ነበር። ጎበዙ ሰነፉን ይርዳ የሚለው ሐሳብ መልካም ነበር፤ ከላይ በመመሪያ ወርዶ ቅጽ መሙላትና ሪፖርት ማቅረብ ሲሆን ግን ነፍሱ ወጣ። ታላቅ ወንድምነት በሪፖርት አይለካም።

ምን ይደረግ? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ከዚያ እንጀምር። እያንዳንዱ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ በአደራ ይረከብ። ከሰልፉ ፈልጎ ያግኘው፣ በጆግ ውኃ ያስታጥበው፣ መብላቱን ይይ፣ የቀረ ቀን ለምን እንደቀረ አጣርቶ ለመምህሩ ይንገር። በባህላችን እጅ የሚያስታጥበው ታናሹ ነው። ይሁን እንጂ በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እናያለንና፣ ታላቅነት ማገልገል መሆኑ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሲያጠፋም ከግቢ አናባርረው፤ ከመታው ልጅ ጋር አስቀምጠን እናስታርቀው፣ የሰበረውን ወንበር ራሱ ይጠግን።

«ትልልቆቹ ትንንሾቹን ቢበድሉስ?» ለሚል ወላጅ ስጋቱ እውነተኛ ነው። ለዚህ ነው አደራው በመምህር ዓይን ሥር፣ በግልጽ ቦታ፣ ሁሉም በሚያየው ሰዓት መሆን ያለበት። «መምህሩ ጊዜ የለውም» ለሚልም፣ አዎ፣ በፈረቃ በሚሠራና ክፍሉ በታጨቀ ትምህርት ቤት መምህሩ ደክሟል። ግን በየሳምንቱ ተደባዳቢ ለመገላገል የሚያጠፋውን ሰዓት ያስላው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን ኖረናል። በዚህ ተረት እጃቸውን አስረን፣ በ18 ዓመታቸው ድንገት ኃላፊነት የሚሰማው ዜጋ፣ ቤቱን የሚያከብር ባል፣ ልጁን የሚያቅፍ አባት እንጠብቃለን። ልምምዱን ከየት ያምጡት? ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ መስከረም ላይ የተማሪ ስም ስትመዘግቡ ሌላም መዝገብ ክፈቱ፤ ማን ለማን ታላቅ እንደሆነ የሚጻፍበት። ከዚያ ልጆቹን እመኗቸው።