ቃል የሌለው ጊታር በቤታችን

 

የዚህን ወር ርዕስ ያመጣችልኝ ሞጆ የምትኖር አንዲት እኅት ናት። ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጂቡቲ ይመላለሳል። ለሁለትና ለሦስት ቀን ቤቱ ሲገባ እራቱን ይበላና ኢርፎኑን በጆሮው ሰክቶ ዓይኑን ይጨፍናል። የሚያዳምጠው መዝሙር አይደለም፤ ዘፋኝም የለበትም። በተለምዶ «ክላሲካል» የምንለው፣ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወት የጊታር ሙዚቃ ነው።

«ጌታን ሳያውቅ በየምሽት ቤቱ ሲዞር የኖረ ሰው ነው። አሮጌው ሕይወቱ እየጠራው ይሆን?» ትላለች። እርሱ ደግሞ ስትጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ቃል የለውም። ቃል ከሌለው ምን ኃጢአት አለው?» ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዝምታው አራተኛ ወሩን ይዟል።

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ የእነርሱ ብቻ አይደለም። አዳማም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ስንሄድ በተለያየ መልክ ይነሣል። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ሙዚቃው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንወቅ።

ይህ ወንድም ደጋግሞ ከሚሰማቸው አንዱ የአይቤክስ ባንድ አልበም ነው። ስሙ «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሚዩዚክ» ይባላል። የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ፣ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ጊታሩን የሚጫወተው ሰላም ሥዩም ሲሆን፣ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው። ይኸው ባንድ ከአንድ ዓመት በፊት የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አጅቧል። በኋላም ሮሃ ባንድ ተብሎ በካሴት ዘመን የብዙ ዘፋኞች አጃቢ ሆነ። ያ ጊዜ የደርግ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። መሸት ሲል መንገዱ ስለሚዘጋ፣ ምሽት ቤት የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እዚያው ያነጋ ነበር። እኅታችን «ያ ሕይወት» ስትል የምትፈራው ከባዶ ሜዳ ተነሥታ አይደለም። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ያደገው በእንዲህ ያለ ሌሊት ውስጥ ነው።

ነገር ግን ሌላም ነገር አለ። ይህን አልበም በመቅረጽ የረዳው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ባልደረባ የነበረ አንድ ስዊድናዊ ነው። ብሥራተ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1963 በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አማካይነት አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ደርግ እስኪወርሰው ድረስ ወንጌልን በብዙ ቋንቋ ያሰራጨ ጣቢያ ነው። ይህ ማለት አልበሙ ተቀደሰ ማለት አይደለም። ሆኖም በእኛና በዚያኛው ወገን መካከል ያለው አጥር እኛ እንደምናስበው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘጋ እንዳልነበረ ያሳየናል። በመዘምራኖቻችን እጅ ያለው ኤሌክትሪክ ጊታርም ያው ጊታር ነው። ወደ ጸሎት ቤት ሲገባም ያጉረመረሙ አባቶች ነበሩ።

ታዲያ ቃል የሌለው ጊታር ሰውን እንዲህ የሚይዘው ለምንድን ነው? የኤሌክትሪክ ጊታር ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለው። ክሩ ሲርገበገብ ያ እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጥና በማጉያው በኩል ድምፅ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ተጫዋቹ አንዱን ድምፅ ማስረዘም፣ ማንቀጥቀጥ፣ ማስለቀስ ይችላል። በዘፋኙ ቦታ ቆሞ ያንጎራጉራል። በዚህ ላይ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን። ቅኝቱ ገና ሲጀምር ልባችን ያውቀዋል። ቃሉን ግን ማንም አይሰጠንም፤ የምናመጣው እኛው ነን። አንዱ እናቱን ያስባል፤ አንዱ የሞተ ጓደኛውን፤ አንዱ ደግሞ ሊያስባት የማይገባውን ሴት።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ዋሽንትና ክራር ድምፃቸው ካልተለየ የሚጫወቱት ነገር እንደማይታወቅ በምሳሌ ተናግሯል። እርሱ ስለ ልሳን እያስተማረ ነው፤ ምሳሌው ግን ለእኛም ጉዳይ ይጠቅማል። መሣሪያ ይናገራል፤ ሰሚው ምን እንደሚሰማ ካላወቀ ግን አይታነጽም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሳኦልና የዳዊት ታሪክ ነው። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ዳዊት በገናውን ሲደረድር ሳኦል እፎይ ይል ነበር። መጽሐፉ ስለ እጁ መደርደር እንጂ ስለ ግጥሙ አይነግረንም። ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። ያው ዳዊት ያንኑ በገና ለዚያው ሳኦል እየደረደረ ሳለ ንጉሡ ጦር ወረወረበት። ያው መሣሪያ፣ ያው እጅ፣ ያው ሰሚ ነው። የተለወጠው በሳኦል ልብ ውስጥ የገባው ቅናት ነው።

እንግዲህ «ቃል የለውም» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። አልበሙ ቃል የለውም፤ የሚሰማው ሰው ግን አለው። «ዓለማዊ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። የመጣበትን ቤት ይነግረናል፤ ዛሬ በዚህ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን አይነግረንም። ይህን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ እስካሁን ማንም አልጠየቀውም።

እኅቴ ሆይ፣ «ለምን ትሰማለህ?» ብለሽዋል። ይህ ጥያቄ ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ የሚያመጣው መከላከያ ነው። አሁን «ስትሰማው የት ይወስድሃል?» በይው። ባልሽ ከሞጆ ተነሥቶ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በሚሌ አልፎ ጋላፊ እስኪደርስ ብቻውን ነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ የኬላ ሰልፍ፣ በየደረሰበት አንድ ነገር በሚፈልግበት ሰው መካከል የዋለ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ ምንም የማይጠይቀው ድምፅ ሊያምረው ይችላል። ምናልባት የሚሸሸው ወደ ምሽት ቤቱ ሳይሆን ከወሬ ሁሉ ወደ ዝምታ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ ፍርሃትሽ ልክ ይሆናል። ሳትጠይቂ ሁለቱንም አታውቂም። መልሱን ስትሰሚም ወዲያው ጥቅስ አትጥቀሺ፤ አስጨርሺው።

ወንድሜ ሆይ፣ ለአንተም ቃል አለኝ። ሁሉ ተፈቅዷል፣ ሁሉ ግን አይጠቅምም፤ ይህን ታውቃለህ። ጊታሩ ሲያንጎራጉር እጅህ ወደ አሮጌው ስልክ ቁጥር ከሄደ፣ ወይም ምላስህ የመጠጡን ጣዕም ካስታወሰ፣ ማንም ሳያዝህ ራስህ አጥፋው። ካሳረፈህና ካመሰገንህበት ደግሞ ለሚስትህ ንገራት። አንተ እያረፍህ እርስዋ የምትጨነቅ ከሆነ ዕረፍቱ ጎዶሎ ነው። ሌላም አለ፤ አራት ወር ሙሉ ሚስትህን ያስቀየማት ጊታሩ ብቻ አይመስለኝም። ስንት ቀን ቆጥራ ጠብቃህ፣ ስትመጣ ሁለት ጆሮህ ተደፍኖ አገኘችህ። ያ ኢርፎን መዝሙርም ቢያሰማህ ለእርስዋ ግድግዳ ነው።

በአዳማና በአካባቢው ያሉ አባቶችና እናቶች አንድ ነገር ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ስትዘጋ፣ ምእመናን በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይሰበሰቡ ነበር። ጎረቤት እንዳይሰማ ይዘምሩ የነበረው በሹክሹክታ ነው። ቃሉ ነበረ፤ ዜማው ግን ታፍኖ ነበር። ያን ጊዜ አብሮ ለመሆን ጉልበት የሰጣቸው የድምፅ ማጉያ አልነበረም። በአንድ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነበር።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ቀላል ነው። አንዳችሁ የሚወድደውን፣ ሌላው ግን የሚጠራጠረውን አንድ ሙዚቃ ምረጡ። ኢርፎኑን ንቀሉትና ድምፁን ቀንሳችሁ አብራችሁ ስሙት። ሲያልቅ እያንዳንዳችሁ ወደ ልባችሁ የመጣውን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ። ከዚያ የሚቀጥል ወይስ የሚቀር እንደ ሆነ ሁለታችሁ ወስኑ። በዚህ ጉዳይ የእኔንም ሆነ የመጋቢውን ፍርድ አትጠብቁ፤ ቤቱ የእናንተ ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ድረስ ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።