ያረጀ ምንጣፍና የተጎዳ ምንጣፍ

ኪራዩን በየወሩ ሳያጓድል ሲከፍል የኖረ ተከራይ፥ ቤቱን በሚለቅበት ቀን በአንድ ምንጣፍ ምክንያት ከአከራዩ ጋር ሲጣላ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በቅርቡ እኛም እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ባለ ነገር ሽማግሌዎች ሆነን ተቀምጠን ነበር።

ተከራዩ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወሩ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆኑ፥ በቤቱ የኖሩት 6 ዓመት ነው። አከራይዋ ወይዘሮ፥ «ምንጣፌን አበላሽተውብኛልና የአዲስ ዋጋ ይክፈሉኝ» በማለት የመያዣውን ገንዘብ አልመልስም አሉ። ተከራዩም በበኩላቸው፥ «ምንጣፍ ይረገጥ ዘንድ የተነጠፈ ነው፤ ምንም አልከፍልም» ሲሉ መለሱ።

የሁለቱንም ቃል ከሰማን በኋላ ምንጣፉን ተመለከትን። ከበሩ እስከ መቀመጫው ድረስ ያለው መተላለፊያ ሳስቷል። በመስኮቱ በኩል ያለው ወገን ፀሐይ መትቶት ቀለሙ ደብዝዟል። የመቀመጫው እግሮች የቆሙበት ስፍራም ጐድጕዷል። ይህን ሁሉ ያደረገው ጊዜ ነው፤ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ቢኖርበትም ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር።

ይህን ስንነጋገር የተከራዩ ባለቤት ተነሥተው፥ በአንድ ጥግ የነበረውን ትንሽ ጠረጴዛ ፈቀቅ አደረጉና፥ «ይህንንም እዩልን፤ ቡና ሳፈላ ፍም ወድቆብኝ ነው» አሉ። ከጠረጴዛው ሥር የመዳፍ ስፋት ያለው የተቃጠለ ቀዳዳ ነበረ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፉ።

አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ልዩነቱን ከቋንቋው ራሱ ሊረዱት ይችላሉ። «ምንጣፉ ሳሳ፥ ደበዘዘ፥ አረጀ» በተባለ ጊዜ አድራጊው ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም። «ምንጣፉን አቃጠለው፥ ቀደደው፥ ቀለም አፈሰሰበት» በተባለ ጊዜ ግን «ማን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በደኅና አኗኗር የሚደርሰው እርጅና ነው፤ በቸልታ ወይም በድንገተኛ ስሕተት የሚደርሰው ጉዳት ነው። እርጅናው የአከራዩ፥ ጉዳቱ የተከራዩ ነው።

ሆኖም ጉዳት ያደረሰ ይክፈል ማለት፥ አሮጌውን በአዲስ ይተካ ማለት አይደለም። ምንጣፉ ተከራዮቹ ሲገቡ በ30,000 ብር የተገዛ አዲስ ነበር። ዕድሜው 10 ዓመት ሆኖ እንዲታሰብ ሁለቱም ወገኖች ተስማሙ። ስድስቱ ዓመት ኪራይ እየተከፈለበት አልፏል፤ የቀረው የ4 ዓመት ዋጋ 12,000 ብር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ሊጠየቅ አይገባም፤ ጥገናው ከዚህ ባነሰ ዋጋ የሚያልቅ እንደ ሆነ ግን የጥገናው ዋጋ ብቻ ይበቃል።

ይህን ስንል ወይዘሮዋ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ ምንጣፉ ሲነጠፍ የተረፈ ቁራጭ በዕቃ ቤት እንዳላቸው ነገሩን። «እሳቸው ባያሳዩኝ ኖሮ ጠረጴዛውን እስካነሣ ድረስ አላየውም ነበር» አሉ። ቀዳዳው በዚያው ቁራጭ ተጣፈ፤ ወይዘሮዋም የጠጋኙን ዋጋ ብቻ አስቀርተው መያዣውን መለሱ።

ነገሩ በሰላም ያለቀው በሰዎቹ ቅንነት ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ በቅንነት ብቻ መተማመን አይቻልም። ስለ ቤት ኪራይ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደነገገው አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ም የኪራዩ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። እንግዲህ ውሉ በሚፈረምበት ቀን አከራይና ተከራይ ክፍሎቹን አብረው ይዙሩ። ምንጣፉ መቼ እንደ ተገዛ፥ በስንት እንደ ተገዛ፥ የትኛው ስፍራ እድፍ ወይም ቀዳዳ እንዳለበት በወረቀት አስፍረው ሁለቱም ይፈርሙበት፤ ፎቶግራፍም ያንሡ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ለወለል ምንጣፍም የሚሠራ ምክር ነው።